መጠኑ ከመጨመሩ በፊት አወጋጉ ይታይ

እህቴ፣ የጠየቅሽው ይህን ነው፦ አዳማ ነን፣ ፍሪጅ የለንም፣ እናቴ ኤንፒኤች ኢንሱሊን (ደፍራሹን) ጠዋት 18፣ ማታ 8 ዩኒት ይወጋሉ፣ እምብርታቸው አጠገብ ጠጠር ያለ እብጠት ወጥቷል፣ ስኳራቸው አንድ ቀን 300፣ ሌላ ቀን 60 ይላል፤ መጠኑ ይጨመር ወይ?

60 እያየሽ በራስሽ እንዳትጨምሪ፣ አደራ። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እብጠቱን ነው። አንድ ቦታ ደጋግሞ መውጋት ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ ያሳብጠዋል፤ እዚያ የገባ ኢንሱሊን አንድ ቀን ዘግይቶ፣ አንድ ቀን ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ሰው እዚያው የሚመላለሰው መርፌው ስለማያማቸው ነው። እብጠቱን ተዉትና የጭናቸውን የውጭ ጎን፣ ወይም ከእምብርት ሦስት ጣት ራቅ ያለ ለስላሳ ሆድ ውጊ፤ በየቀኑም ከትናንቱ አንድ ጣት ፈቀቅ በይ። ግን ለሐኪማቸው ሳትነግሪ አትቀይሪ። ጤነኛ ቆዳ ላይ ያው 18 ዩኒት ይበልጥ ስለሚሠራ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል፤ መጠኑን መቀነስ ሊያስፈልግ ይችላል። በዚያ ሳምንት ቶሎ ቶሎ ለኪ።

ቀጥሎ ብልቃጡን እይው። ኤንፒኤች ሲቀመጥ ነጩ ይዘቅጣል፤ ሳይደባለቅ ከተሳበ አንድ ቀን ውሃው፣ ሌላ ቀን አተላው ነው የሚገባው። በሁለት መዳፍሽ መሐል 20 ጊዜ ያህል ቀስ ብለሽ አንከባልይው፤ አትነቅንቂው፣ አረፋ ይሠራል። እንደ ወተት አንድ ዓይነት ካልሆነ፣ ወይ ጓጉሎ ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ ጣይው።

ስሪንጁ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባለ 1 ሚሊ ሊትሩ ላይ አንዷ መስመር 2 ዩኒት ናት። 18 ማለት ከ10 ቀጥሎ አራተኛዋ መስመር ነው፤ ስምንት መስመር ከቆጠርሽ 26 ሳብሽ ማለት ነው! መጀመሪያ 18 ዩኒት አየር ብልቃጡ ውስጥ አስገቢ፣ ገልብጠሽ ሳቢ፣ አረፋ ካለ በጣትሽ መታ መታ አድርገሽ መልሺው። አረፋው ራሱ አይጎዳም፣ መጠኑን ግን ያጎድላል። ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገሽ ወግተሽ እስከ 10 ቁጠሪና ንቀዪ፤ አትሺው።

ፍሪጅ ባይኖርም መላ አለው። ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስቀምጪ፣ መሐሉን በአሸዋ ሙይው፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ አርጥቢ፣ በእርጥብ ጨርቅ ክደኚው፣ ጥላና ነፋስ ያለበት አኑሪው። በጋ ላይ የአዳማ ደረቅ ነፋስ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ክረምት ላይ ቅዝቃዜው ይቀንሳል። ብልቃጡ ውሃ እንዳይነካው በፌስታል ቋጥሪው። ያልተከፈተውን ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ስታስቀምጪ ከበረዶ ቤቱ ይራቅ፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። ባለ 10 ሚሊ ሊትሩ 1,000 ዩኒት ነው፤ በቀን 26 ስትወጉ 38 ቀን ይቆያል። በእናንተ ሙቀት ግን ከ28 ቀን በላይ ባትጠቀሙበት ይሻላል። የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፊበት።

ጠዋት 1 ሰዓት ከተወጉ ኢንሱሊኑ የሚበረታው ከ5 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ምሳ እንዳያልፋቸው። ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጪ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኪ፤ ካልወጣ ድገሚ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አትስጪ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሩጪ።

ያገለገለውን መርፌ ክዳን ባለው ወፍራም የበረኪና ፕላስቲክ አጠራቅመሽ ጤና ጣቢያ ስጪ፤ ስስ የውሃ ላስቲክ ይበሳል።