ጥያቄና መልስ፦ መሳብ ነው እንጂ መንፋት አይደለም

ሰላም የየካ አባዶ ጎረቤቶች። ሰሞኑን አየር የሚከለክል ቱቦ እየሳቡ የትንፋሽ ጡንቻን ማሠራት የደም ግፊትን ሊቀንስ ይችላል ብዬ ሁለት መስመር ብጽፍ የውስጥ መስመሬ ተጥለቀለቀ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት እዚሁ ጠይቁኝ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፣ ዶክተር አይደለሁም። መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው በእኔ እንዳያሳብብ።

ብሎክ 14፦ ዶክተር፣ ለመሆኑ ነገሩ ምንድነው?

መልስ፦ ዶክተር አይደለሁም አልኩ። መዳፍ የምታክል የፕላስቲክ ቱቦ ናት። በአፍህ ትይዛታለህ፣ አፍንጫህን በመቆንጠጫ ትዘጋለህ፣ አየር ወደ ውስጥ ትስባለህ። ውስጧ ሞላ አለ። ሞላው በጠበቀ ቁጥር አየሩ እምቢ ይላል። ወፍራም የአቮካዶ ጁስ በቀጭን ስትሮ ስትስብ ጉንጭህ ስርጉድ ይላል አይደል? እንደዚያ ነው። እዚህ ግን የሚለፋው ድያፍራም ነው፣ ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ። ስታስወጣ ምንም አይከለክልህም።

የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ጥናት አውጥተዋል። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 የሆነ 36 ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ በጠበቀ ሞላ በቀን 30 ጊዜ ሳቡ፣ በሳምንት 6 ቀን፣ ለ6 ሳምንት። በቀን አምስት ደቂቃ ገደማ ቢፈጅ ነው። የደም ግፊታቸው የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ9 ወረደ። ካቆሙ ከ6 ሳምንት በኋላም አብዛኛው ለውጥ አልጠፋም። ለቀሪዎቹ ያው ቱቦ ተሰጣቸው፣ ሞላው ግን የላላ ነበር። እነሱ ያን ያህል አልወረደላቸውም። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው፤ ሥራውን የሠራው የሞላው ጥንካሬ ነው። ግን 36 ሰው ጥቂት ነው። መድኃኒት አታቁሙ።

የአባዶ እናት፦ ልጄ፣ ፊኛ ብነፋስ? ከልጅ ልጄ ልደት የተረፈ አለ።

መልስ፦ እትዬ፣ ፊኛ ማስወጣት ነው፣ እኛ የምንፈልገው መሳብ። ደግሞ ትንፋሽ አፍኖ ማማጥ ግፊትን ለጊዜው ያሻቅባል። ይቅርብዎ።

ባለዋሽንቱ፦ ዋሽንትስ?

መልስ፦ እሱም ማስወጣት ነው።

የሱሉልታው፦ እኛ ሰፈር ሯጮች የሚሠለጥኑት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ከፍታው ራሱ አይበቃም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። አየሩ ስስ ሲሆን ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለህ። ቶሎ መተንፈስና ከባድ ነገር መሳብ ግን ይለያያሉ። ባዶ ጀሪካን መቶ ጊዜ ብታነሳ ክንድህ አይጠነክርም፣ ሙሉውን ሠላሳ ጊዜ ስታነሳ ነው። መሮጥህን ግን ቀጥል፣ ለግፊት እሱም ይጠቅማል።

ብሎክ 3፦ የግፊት መድኃኒቴ አምሎዲፒን እግሬን አሳበጠኝ።

መልስ፦ ያሳብጣል። ላዘዘልሽ ሐኪም ንገሪ።

የኮዬ ፈጬዋ፦ ይሄ ሁሉ ግፊት ከቡና ነው ባይ ነኝ።

ብሎክ 14፦ ቡና ሐበሻን ምን ያደርገዋል? አያቴ በረካ ሳይጠጡ ተነስተው አያውቁም፣ 90 ገብተዋል።

የኮዬ ፈጬዋ፦ የአያትህን ግፊት ማን ለክቶት ያውቃል?

የአባዶ እናት፦ ከቡናው ይልቅ ጨው የሚጨምሩበት ናቸው የሚብሱት።

መልስ፦ የቡናውን ክርክር ሌላ ቀን። ከመለካታችሁ በፊት ግን 30 ደቂቃ ቡና አትጠጡ።

ጋሽ ብሎክ 9፦ እኔ አሁን ለካሁ፣ 168 አለኝ። ልደንግጥ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ስንተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት?

ጋሽ ብሎክ 9፦ አራተኛ። አሁን ዳቦ ገዝቼ ገባሁ።

መልስ፦ ይኸው! ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም ደረጃ ወጥተው፣ ፌስታሉን ሳያስቀምጡ ለኩ። መጀመሪያ ሽንት ቤት ይሂዱ። ከዚያ ጀርባዎን ወንበሩ ላይ አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያጣምሩ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ትክክል ይሁን። ሲለኩ አያውሩ። ይህንን ሳያስተካክሉ 9 ቁጥር ወረደ ወጣ ማለት ከንቱ ነው።

ብሎክ 7፦ መሣሪያው ከሌለንስ? ስለ ፊኛ ቢነግሩን።

መልስ፦ ፊኛ ከላይ ተመልሷል! መሣሪያ የሌለው ቀስ ብሎ ይተንፍስ፦ 4 ሰከንድ ማስገባት፣ 6 ሰከንድ ማስወጣት፣ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል። ጡንቻ አያሠራም፣ ግን ያረጋጋል፣ ግፊትም ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። እኔ ቱቦዋን መጀመሪያ ስሞክር ትከሻዬን እየሰቀልኩ በጥድፊያ ሳብኩና ዞሮብኝ ከዱካዬ ልወድቅ ነበር። በትንፋሾቹ መሐል ረፍት ይኑር። የጆሮ ታምቡሩ የተቀደደ፣ ሳንባው ተኮማትሮ የሚያውቅ፣ በቅርቡ ደረቱን ወይም ሆዱን ኦፕሬሽን የተደረገ፣ ልብ ድካም ያለበት፣ ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይነካት።

ብሎክ 22፦ ስንት ቀን ሠርቼ መድኃኒቱን ላቁም?

መልስ፦ ስንት ጊዜ ልበል! አታቁም።

ጋሽ ብሎክ 9፦ እንዳልሽው አድርጌ ለካሁ። 146።

መልስ፦ አሁን መነጋገር እንችላለን። አንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ለክተው ደብተር ላይ ይጻፉልኝና ጤና ጣቢያ ይዘውት ይሂዱ። ዳቦውንም ይብሉ፣ ይቀዘቅዛል።