ቶሪ፣ ቶሪስ፣ ቶሪሶች

ጥያቄ፦ ስለ እንግሊዝ ፖለቲካ በአማርኛ ሳነብ አንዱ «ቶሪ»፣ ሌላው «ቶሪስ»፣ ሌላው «ወግ አጥባቂዎች» ይላል። ሁሉም አንድ ናቸው? «ቶሪ» ስድብ ነው ወይ?

መልስ፦ ከስድቡ ልጀምር። ሲወለድ አዎ፣ ስድብ ነበር። ቃሉ ከአይሪሽ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ሥሩ ማሳደድን ያመለክታል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መሬታቸውን ተነጥቀው ጫካ የገቡ አየርላንዳውያን ቶሪ ይባሉ ነበር። «ሌባ» ብለው የሚፈቱት አሉ፤ እኔን አይጥመኝም። ሽፍታ ነው ትክክሉ። ሽፍታ ለአንዱ ወንበዴ ነው፣ ለሌላው አልገዛም ባይ። ካሳ ኃይሉም ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው በፊት ሸፍተው ነበር።

ፖለቲካ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. ከ1679 እስከ 1681 ነው። በፕሮቴስታንቷ እንግሊዝ የንጉሡ ወንድም ጄምስ ካቶሊክ ስለሆነ አይንገሥ ተባለ። ይንገሥ ያሉትን ተቃዋሚዎቻቸው «ቶሪ» አሏቸው፤ የካቶሊክ ሽፍቶች ለማለት። ቶሪ የተባሉትም ተቃዋሚዎቻቸውን «ዊግ» ብለው መለሱ፤ ይህ ደግሞ የስኮትላንድ ፕሮቴስታንት አማፅያን ስም ነበር። ሁለቱም ወገን ስድቡን ስሙ አድርጎት ቀረ።

«ወግ አጥባቂ» ብለን የምንተረጉመው የፓርቲ ስም የተለመደው በ1830ዎቹ ነው። ስለዚህ የ1680ውን ቶሪ ወግ አጥባቂ ማለት አያስኬድም። በአሜሪካ አብዮት ጊዜ ለእንግሊዝ ንጉሥ ያደሩትም ቶሪ ተብለዋል፤ የፓርቲ አባል ግን አልነበሩም። ለዛሬው ወግ አጥባቂ ፓርቲ ከሆነ ግን «ቶሪ»ም «ወግ አጥባቂ»ም ያስኬዳሉ። አባላቱ ራሳቸው ቶሪ ነን ይላሉ፣ ጋዜጦችም ለአጭርነቱ ይወዱታል። ከተቃዋሚ አፍ ሲወጣ ግን አሁንም ይጎረብጣል።

እኔን የሚያንገበግበኝ «ቶሪስ» ነው። «ስ» የእንግሊዝኛው ብዙ ቁጥር ነው። በላዩ «ኦች» ጨምሮ «ቶሪሶች» ማለት «ሕፃናቶች» ከማለት በምን ይለያል? የባዕድ ቃል እንደተሰማ ይጻፍ የሚሉ አሉ። እሺ፣ እንደተሰማ ይሁን! እንግሊዞቹ ሲናገሩት መጨረሻው «ዝ» እንጂ «ስ» አይደለም። እነዚህ ሰዎች የጻፉት የሰሙትን ሳይሆን ያነበቡትን ነው።

በ«ቺፕስ» ተሸንፌያለሁ፤ «አንድ ቺፕ ስጠኝ» የሚል ደንበኛ የለም። «ሕፃናቶች»ም ቢሆን ዛሬ በየሬዲዮው ነው፣ ሳልወድ እሰማዋለሁ። እርስዎ ግን አንዱን «ቶሪ»፣ ብዙዎቹን «ቶሪዎች» ብለው ይጻፉ።