ለድንበር ተሻጋሪ ድርድር ከየት ልጀምር?

«ሕግ ተመርቄያለሁ። በብዙ አገር በሚሠሩ ኩባንያዎች ውስጥ በሠራተኛው ወገን ሆኜ መደራደር እፈልጋለሁ። የአውሮፓ የሠራተኞች ምክር ቤቶችን የሚያማክር ድርጅት ይሻለኛል ወይስ የሠራተኛ ማኅበር?» ብለሽ ጠይቀሻል።

እኔን ከሰማሽኝ ማኅበሩን ምረጪ። ምክር ቤቱ፣ ማለትም በብዙ አገር የሚሠራ የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች ተወካዮች ከአስተዳደሩ ጋር የሚመካከሩበት አካል፣ ስሙ ይገዝፋል እንጂ ሥልጣኑ መረጃ ከማግኘትና ከመመካከር አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውና በ2009 በአዲስ የተተካው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ የሚመለከተው ቢያንስ 1,000 ሠራተኞች ያሏቸውን፣ ቢያንስ በሁለት አባል አገሮች ደግሞ በእያንዳንዳቸው 150 የቀጠሩትን ኩባንያዎች ነው። ደመወዝ የመደራደርም ሆነ አድማ የመጥራት መብት ግን ለምክር ቤቱ አልሰጠም።

መመካከር ብቻውን የት እንደሚያደርስ የፈረንሳዩ መኪና አምራች ሬኖ አሳይቷል። በ1997 ብራሰልስ አጠገብ ያለውን የቪልቮርድ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ በድንገት አስታወቀ። ሥራቸውን የሚያጡት ከ3,000 በላይ ነበሩ። የፈረንሳይ ፍርድ ቤት ምክር ቤቱን አስቀድሞ አለማማከሩን ጥፋት አለው፤ ፋብሪካው ግን በዚያው ዓመት ተዘጋ።

እርግጥ ምክር ቤቶች ከመመካከር አልፈው ከኩባንያው ጋር ስምምነት የፈረሙበት ጊዜ አለ፤ በ2001 ጄኔራል ሞተርስ አውሮፓ ውስጥ እንደሆነው። ያኔ «ማን ወክሏችሁ ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጀርመንን ብንወስድ በየፋብሪካው ሠራተኞች የሚመርጡት የአገር ውስጥ ምክር ቤት አድማ መጥራት አይችልም፤ በኅብረት ስምምነት የሚወሰን ደመወዝም በመደበኛው ከእጁ ውጭ ነው። ሌላ አገር ደግሞ ስምምነት የመፈረም ሥልጣኑ የማኅበሩ ብቻ ነው። ስለዚህ የአውሮፓ የብረታ ብረት ሠራተኞች ፌዴሬሽን በ2006 የራሱን የውክልና ሥርዓት አወጣ፦ ድርድር ከመጀመሩ በፊት የየአገሩ ማኅበራት ውክልና እንዲሰጡ፣ ፌዴሬሽኑም እንዲመራ። የዚህ ሙያ ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ ሰዉ እንደሚያስበው ጠረጴዛ መደብደብ አይደለም። ውክልና እንዴት እንደሚሰጥ የምትማሪው ደግሞ ማኅበር ውስጥ ሆነሽ ነው።

የኩባንያ የሒሳብ መግለጫ ማንበብ ልመጂ። «ወጪ ካልቀነሳችሁ ምርቱ ወደ ሌላው ፋብሪካ ይሄዳል» ሲባል ማስፈራሪያ ይሁን እውነት የምትለዪው በዚያ ነው። ሁለተኛ ቋንቋም ያስፈልግሻል፤ ስለ እሱ ብዙ አልልሽም።

ከማመልከቻሽ ጋር አንድ ገጽ ትንተና አያይዢ። የዛራ ባለቤት የሆነው የስፔን አልባሳት ኩባንያ ኢንዲቴክስ በ2007 ከዓለም አቀፉ የጨርቃ ጨርቅ፣ አልባሳትና ቆዳ ሠራተኞች ፌዴሬሽን ጋር የተፈራረመውን ስምምነት ውሰጂ፦ ማን ፈረመ? የአቅራቢዎቹን ሠራተኞች እንዴት ይሸፍናል? ጥሰት ሲኖር አቤቱታው ለማን ይቀርባል? ቀጣሪሽ ከዲግሪሽ ይልቅ ስለዚያች ገጽ ቢጠይቅሽ አይግረምሽ።