አሰልጣኝ የሌለበት አስር ደቂቃ

ልጆቼ፣

ሦስት ለሦስት ቅርጫት ኳስ ተጫውታችሁ አንድ ቀን የአገራችሁን ማልያ መልበስ እንደምትመኙ ስትነግሩኝ ልቤ ይሞቃል። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ውርወራ ነው። ከሩቅ እንዴት እናስገባ? ተከላካይ እንዴት እንለፍ? ጥያቄው ጥሩ ነው፣ አሰልጣኞቻችሁም ይመልሱላችኋል። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ሜዳ ላይ ብቻችሁን ስትቀሩ ስለምታደርጉት ነገር ነው።

ብቻችሁን ያልኩት ለማጋነን አይደለም። በዚህ ጨዋታ አሰልጣኝ ሜዳው ዳር አይቀመጥም። ተመልካች መሃል ሆኖ መመሪያ መስጠትም አይፈቀድለትም። ጨዋታው ከተጀመረ ያላችሁት እናንተው አራታችሁ ናችሁ፤ ሦስታችሁ ሜዳ ውስጥ፣ አንዷ ተቀያሪ። አንድ ታይም አውት አለቻችሁ፣ እሷም 30 ሰከንድ ናት። ጨዋታው 10 ደቂቃ ነው፤ አንዱ ቡድን ቀድሞ 21 ነጥብ ከደረሰ ደግሞ እዚያው ያበቃል። አንድ ማጥቃት 12 ሰከንድ ብቻ ይሰጠዋል፣ የአምስት ለአምስቱ ግማሽ ማለት ነው። «አሁን ምን እናድርግ?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ የለም።

ይህን በመራራው የተማርኩበትን ቀን ልንገራችሁ። የማሰለጥነው የሴቶች ቡድን ሊጠናቀቅ ጥቂት ሰከንዶች በቀሩት ጨዋታ በአንድ ነጥብ ይመራ ነበር። አንዷ ልጃችን ተከላካይዋን አልፋ ከቅርብ አስገባች፤ ከቅርብ የገባ አንድ ነጥብ ነው። በሁለት መራን። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አነሳች፣ ጓደኞቿም ወደ እሷ ዞሩ። ኳሷ ግን ገና ከመረቡ እየወረደች ነበር። በሦስት ለሦስት ነጥብ ሲቆጠር ፊሽካ አይነፋም። የተቆጠረበት ቡድን ኳሷን ከመረቡ ስር አንስቶ ከቅስቱ ውጭ፣ ማለትም ቅርጫቱን ከራቅ ብሎ ከሚከበው መስመር ውጭ፣ ያወጣል፣ ከዚያ ያጠቃል። ተጋጣሚያችን ይህንኑ አደረገች። አነሳች፣ ለጓደኛዋ አቀበለች፣ ያቺም ከቅስቱ ውጭ ሆና ወረወረች። ከዚያ የሚገባ ኳስ ሁለት ነጥብ ነው። እኩል ሆንን። በተጨማሪ ሰዓት ቀድሞ ሁለት ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል፤ አንድ የሩቅ ኳስ አስገቡ፣ አለቀ።

ልጅቷ ፊቷን በማልያዋ ሸፍና አለቀሰች። እኔ ከላይ ከተመልካቾች ጋር ተቀምጬ ነበር። ማታ ላይ ነው የገባኝ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፣ የኔ ነበር። ልምምድ ላይ ኳስ በገባ ቁጥር ፊሽካ እየነፋሁ፣ ጨዋታውን እያስቆምኩ አስተካክላቸው ነበር። ኳስ ሲገባ እረፍት ነው ብዬ ያስተማርኳቸው ራሴ ነኝ። እነሱም የተማሩትን አደረጉ።

ከዚያ ወዲህ የማሰለጥንበት መንገድ ተለወጠ። ልምምድ ላይ አላስቆምም። ሲጨርሱ ደግሞ ከመናገሬ በፊት «ምን አያችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ሁለት ሳምንት ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዷ ትጀምራለች።

እናንተም ዝም አትበሉ። ሜዳ ላይ የሚደረግ ንግግር ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፣ እንደ ውርወራ ይለመዳል። ጥቂት አጫጭር ቃላት ይበቋችኋል፣ ግን ሁላችሁም አንድ ዓይነት ትርጉም ስጧቸው። ተጋጣሚ የጓደኛሽን መንገድ ስትዘጋ አንቺ «ቀይሪ» ስትዪ፣ ጓደኛሽ ሰው መለዋወጥ ነው ብላ ከተረዳችና አንቺ ሌላ ነገር አስበሽ ከሆነ፣ ቅርጫቱ ስር አንዲት ተጋጣሚ ብቻዋን ትቆማለች። ብሔራዊ ቡድን ላይ ደግሞ ከተለያየ ክለብ መጥታችሁ ነው የምትገናኙት። ከመጀመሪያው ቀን ቃላቱን ተስማሙባቸው። ታናሽ የሆነችም ለታላቋ ጮክ ብላ ትናገር። በሌላ ጊዜ ታላቅን ማክበር ያለ ነው፤ በ12 ሰከንድ ውስጥ ግን ያየች ትናገር።

ስለ አራተኛዋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ወጣቶች መቀየርን እንደ ቅጣት ያዩታል። የተቀመጠችው ልጅ ሙሉውን ሜዳ የምታየው እሷ ናት። ፋውል መቁጠርም ለእሷ ይመቻል። በዚህ ጨዋታ ተጫዋች በግል ፋውል ብዛት አትወጣም፤ የሚቆጠረው የቡድኑ ነው። ከ7ኛው ጀምሮ ተጋጣሚ ሁለት ነጻ ውርወራ ያገኛል፣ ከ10ኛው ጀምሮ ደግሞ በዚያ ላይ ኳሱም የእሱ ይሆናል። ስድስት ላይ መሆናችሁን ሳታውቁ እጅ መጎተት ጨዋታ ያስከፍላል። ቅያሪ ደግሞ የዳኛ ፈቃድ አይጠይቅም። ኳስ ሲቆም የምትወጣዋ ከመስመሩ ኋላ የምትገባዋን ትነካታለች፣ በቃ። ያቺን የእጅ ንክኪ ዝም ብላችሁ አትለፏት። «ስድስት አለን»፣ «ግራዋ ደካማ ነው» ለማለት ትበቃለች።

ትልልቆቹን ቡድኖች ስታዩም ይህን ፈልጉ። አሜሪካ በቶኪዮ ኦሎምፒክ የመጀመሪያዋ የሴቶች ሦስት ለሦስት ሻምፒዮን ናት። በፓሪስ 2024 ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸነፈች። በየጨዋታው መሃል ያለው ጊዜ አጭር ነው፣ ማዘን እንኳ በወጉ አይቻልም። እነሱ ግን ተሰባስበው ነሐስ ይዘው ወጡ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ያሸነፈቻቸው ስፔን ነበረች፣ በተጨማሪ ሰዓት፣ 18 ለ 16። ፍጻሜውን ደግሞ ጀርመን ስፔንን 17 ለ 16 አሸነፈች። አንድ ነጥብ! ብሩንክሆርስት፣ ግራይናኸር፣ ሜቪየስና ራይሸርት ወርቅ ያጠለቁት በአንድ ነጥብ ልዩነት ነው። የጨዋታውን ቪዲዮ ስታዩ ኳሱን ብቻ አትከተሉ። ኳስ ሲቆም አፋቸውን ተመልከቱ፤ ያወራሉ።

አገራችን ትንሽ ናት የምትሉኝም አላችሁ። በ2025 ዓለም ዋንጫ የሞንጎሊያ ሴቶች በኡላንባታር፣ በሕዝባቸው ፊት፣ ፍጻሜ ደርሰው ብር ወስደዋል፤ ወርቁ የኔዘርላንድስ ሆነ። ሞንጎሊያ በአምስት ለአምስት ስሟ ብዙ የሚነሳ አገር አይደለችም። አራት ጥሩ ተጫዋች ማግኘት ግን አስራ ሁለት ከማግኘት ይቀላል። ደግሞ ተጫዋቾች በተመዘገቡ ውድድሮች የሚሰበስቡት ነጥብ ለአገር ደረጃም ይቆጠራል። ስለዚህ የሰፈር ውድድር ቢሆንም፣ በፊባ (በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሥርዓት ከተመዘገበ ሄዳችሁ ተጫወቱ።

ኳሷንም ልመዷት። መጠኗ 6 ቁጥር ነው፣ ክብደቷ ግን የ7 ቁጥር። በሌላ ኳስ ተለማምዶ ውድድር ላይ እሷን መያዝ እጅን ግራ ያጋባል።

በሚቀጥለው ልምምዳችሁ አሰልጣኛችሁን አንድ ነገር ለምኑልኝ። ራቅ ብለው ይቀመጡ፣ ፊሽካውንም ኪሳቸው ይክተቱት። ሰዓት ሞልታችሁ 10 ደቂቃ ሙሉ ተጫወቱ። ሲያልቅ መሬት ላይ ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡና ያያችሁትን ተናገሩ። መጀመሪያ አራተኛዋ ትናገር።