ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

ድሬዳዋ ውስጥ በጥብቅና ስሠራ ፀጉሬ ሸብቷል። በእጄ ካለፉት ወረቀቶች የሚበዙት የቤት ሽያጭ ውሎች ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያ ቤታችሁን ለመግዛት ደላላ ይዛችሁ ለምትዞሩ ባልና ሚስት የምለው አለኝ። ከባዱ ድርድር ከሻጩ ጋር የምታደርጉት አይደለም፤ እናንተ ሁለታችሁ የምትደራደሩት ነው። እሱን ሳትጨርሱ ለማንም ዋጋ አትጥሩ።

ይህን ስል አንድ ባልና ሚስት ትዝ ይሉኛል። እሷ ነርስ ናት፣ እሱ አስተማሪ። ሳቢያን አካባቢ ጥሩ ግቢ ያለው ቤት አይተው ልባቸው ሄደ። ደላላው “ያ አቦ! ነገ ጠዋት ካሽ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ” አላቸው። ባል ደነገጠ። ቤታቸው ሆነው ከተነጋገሩበት አስበልጦ እዚያው ጠራ። ሚስት በሰው ፊት ልታሳፍረው ስላልፈለገች ዝም አለች። ባጃጅ ውስጥም አልተነጋገሩም።

ደግነቱ ቀብድ ሳይከፍሉ እኔ ዘንድ መጡ። እሷ ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። የሁለቱ ደመወዝ፣ እቁቡ፣ የልጃቸው ትምህርት ቤት፣ ሐረር ላሉት እናቷ የምትልከው፣ ሁሉም በእጅ ጽሑፍ ተደርድሯል። ባሏ የጠራው ዋጋ የሚያስከትለውን ወርሃዊ የባንክ ክፍያ ከታች ጻፈችና፣ “ይሄ ከገባ የእማዬን ከየት አመጣዋለሁ?” አለችው። ሰውየው ደብተሩን ወደ ራሱ ስቦ ለረጅም ጊዜ አየው። “ይህን ያህል እንደምትልኪ መች ነገርሽኝ?” አላት። “መች ጠየቅኸኝ?” አለችው። እኔ ሻይ አዘዝኩላቸውና ወጣሁ። በእኔ ሙያ ከብዙ ምክር የሚበልጥ ዝምታ አለ።

በማግስቱ ሄደው አቅማቸውን በግልጽ ተናገሩ። ሻጩ አልተስማማም፣ ቤቱ ለሌላ ሰው ሆነ። እሷ አዝናለች፣ አልደብቃችሁም። ቆይተው ግን አነስ ያለ ቤት ገዙ። ለእናቷ የምትልከውም አልቀረም።

እንግዲህ ጣሪያ ዋጋችሁን ቤት ሆናችሁ ቁረጡ። ስትቆርጡም የቤቱን ዋጋ ብቻ አታስቡ። የቴምብር ቀረጥ አለ፣ የስም ማዞሪያ አለ፣ የደላላ ኮሚሽን አለ። ሻጩ “በእጄ የሚገባው ይህን ያህል ነው” ካለ ደግሞ በሽያጩ ትርፍ ላይ የሚከፈለውን ግብር ወደ እናንተ እያዞረው ነው። ግብሩ በሕግ የሻጩ ነው። ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት የትኛውን ማን እንደሚከፍል በግልጽ ጠይቁ። በባንክ ብድር የምትገዙ ከሆነ ባንኩ የሚያበድራችሁ በራሱ መሐንዲስ ግምት ተነስቶ ነው፤ እናንተና ሻጩ በተስማማችሁበት ዋጋ አይደለም። ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ከገበያው ያንሳል። ልዩነቱ ከኪሳችሁ ነው የሚወጣው።

ቀብድ ብዙ ወጣቶች “ቤቱን ለመያዝ ያህል” የሚሰጡት ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በአንቀጽ 1885 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሰጪው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ከቀየረ እጥፉን ይመልሳል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በቃል ለተሰጠ ቀብድ ፍርድ ቤት መመላለስ ምን ያህል እንደሚያደክም የማውቀው እኔ ነኝ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ በሕግ ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊትም መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ካርታውን እዩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከመዝገቡ አጣሩ። መሬቱ በሊዝ የተያዘ ከሆነ ያልተከፈለ ውዝፍ እንዳለ ጠይቁ። መሬት አትገዙም፣ የምትገዙት ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። የቀበሌ ቤት “ቁልፍ” ልሽጥላችሁ የሚላችሁ ሰው ካለ ሰላም ብላችሁት እለፉ።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። ድሬዳዋ ውስጥ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ ቤት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። “እሷ አረብ አገር ናት፣ ችግር የለም” ሲባል ውክልናውን ጠይቁ። ውክልናው ለመሸጥ ሥልጣን እንደሚሰጥም አንብቡ።

“ግብር እንዲቀንስ በውሉ ላይ ዋጋውን አሳንሰን እንጻፍ” የሚባለውን እምቢ በሉ። ነገ ውሉ ቢፈርስ ከፍያለሁ ብላችሁ የምትጠይቁት የተጻፈውን ነው። ቀሪው በአየር ላይ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን ያጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም።

ቤቱን ደላላው በመረጠላችሁ በቀዝቃዛው ማለዳ ብቻ አትዩት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሂዱ። ቆርቆሮው ኮርኒስ ከሌለው ሙቀቱን ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ። ወንዝ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ጎረቤት አዛውንቶችን ስለ 1998ቱ ጎርፍ ጠይቁ። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሲታይ ያታልላል። በዚያ ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ግን ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ውኃው የት ድረስ እንደደረሰ በእጃቸው የሚያሳዩአችሁ ሰዎች አሁንም አሉ። በዚያ መስመር ውስጥ ያለ ቤት ርካሽ ቢሆንም ለልጆቻችሁ አልመኘውም።

ስትገዙም ካርታው በሁለታችሁም ስም ይውጣ። በጋብቻ ውስጥ የተገዛ ንብረት በአንዳችሁ ስም ቢመዘገብም ሕጉ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ቢሆንም ስሟ ወይም ስሙ ወረቀቱ ላይ ሲኖር ብዙ ክርክር ይቀራል። ቁልፍ የምትረከቡ ቀን የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ሻጩ ባለበት አንብባችሁ ጻፉ፣ ያልተከፈለ ካለም እዚያው ይከፈል።