ባቡሩ ድሬዳዋ የገባበትን ዓመት ስትጽፉ

ውድ ልጆቼ፣

ማንበብ የለመድኩት ከግድግዳ ላይ ነው። የቤታችን የጭቃ ግድግዳ በድሮ ጋዜጣ የተለጠፈ ነበር። እናቴ ዱቄት በውሃ አፍልታ ሙጫ ታበጅና ለበዓል ሲደርስ አዲስ ትለጥፍበታለች። አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ስለሚለጠፍ አንገቴን ጠምዝዤ ነበር የማነበው። ኋላ ጋዜጠኛ ሆንኩ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ከአሮጌ ጋዜጣ አልተላቀቅኩም።

ይህን የምጽፈው የትውልድ ከተማችሁን ታሪክ በቴሌግራምና በፌስቡክ ለምታካፍሉ ልጆች ነው። ሥራችሁን እወደዋለሁ። አንድ ነገር ግን ያመኛል። "ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1902 ዓ.ም. ነው" የሚል ጽሑፍ ስንቴ አየሁ! 1902 የፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በእኛ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው። ሰባት ዓመት ምን አላት እንዳትሉኝ። ሐዲዱን የዘረጋው የመጀመሪያው ኩባንያ በእኛው በ1899 ዓ.ም. ገደማ ከስሯል። በእናንተ ጽሑፍ ከሄድን ባቡሩ የገባው ኩባንያው ከከሰረ በኋላ ነው ማለት ነው።

ይህን ስሕተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ወጣት ሳለሁ ነው። ጽሑፌ በወጣ በሳምንቱ ከሽመንደፈር፣ ከባቡር ድርጅቱ፣ ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ቢሮ ድረስ መጡ። ጋዜጣውን አራት ቦታ አጥፈው በኮታቸው ኪስ ይዘውታል። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው ቁጥሯን በጣታቸው ነኩ። "አንተ ልጅ፣ አባቴ ሐዲድ ያነጠፈበትን ዓመት ከየት አመጣኸው?" አሉኝ። እርማት አወጣን።

የድሬዳዋን አወላለድ ብቻ እዩት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ የታሰበው ለሐረር ነበር። ተራራው አላስወጣ አለ። ሐዲዱ ቁልቁል ሜዳው ላይ ቀረ፤ ሜዳው ላይ ከተማ በቀለ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር የተባለችው። የደቻቱ ወንዝ መሐል ለመሐል ከፈላት። ወዲህ ከዚራ፣ ቀጥ ያሉ መንገዶችና የዛፍ ጥላ። ወዲያ መጋላ፣ ነጋዴውና ገበያው። አዲስ አበባ እስኪደርስ ደግሞ ባቡሩ ሌላ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ፈጀ።

ይህን ዘመን ጋዜጣ ላይ ስትፈልጉ መጀመሪያ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ሐረር የነበሩ ካፑቺን የሚባሉ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1914 በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያሳትሙ ነበር። የአማርኛው ጋዜጣ "ብርሃንና ሰላም" የመጣው በ1917 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ለእኔ ትልቅ ሀብት ናቸው። ግን ሚሲዮናዊው የሚያየው ከሚሲዮኑ ግቢ ሆኖ ነው። ሐዲዱ የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮችን የግጦሽ መሬት አቋርጦ ሲያልፍ ሠራተኞቹ ላይ ጥቃት ይደርስ ነበር። አሮጌ ወረቀት ላይ "ሽፍታ" የሚል ቃል ስታገኙ ቆም በሉ። ማን ነው ያለው? ለከብቱ ውሃና ሣር የሚፈልገው ሰውዬስ ያንኑ ቀን ምን ብሎ ለልጁ ነገረው? እሱ ጋዜጣ አልነበረውም። የልጅ ልጆቹ ግን አሉ፤ ሄዳችሁ ጠይቋቸው።

ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ስትገቡ ደግሞ አትቸኩሉ። የተጠረዘው ጥራዝ ጠርዙ እንደ ደረቀ እንጀራ ይፈረፈራል፤ ከእጅጌያችሁ ላይ ፍርፋሪውን ታራግፋላችሁ። ምራቅ በነካው ጣት አትግለጡት። ፎቶ ስታነሱ መጀመሪያ ራስጌው ላይ ያለውን ቀን አንሱ፣ ቀጥሎ ዜናውን። ቀን የሌለው ፎቶ በኋላ ራሳችሁን ያሳስታችኋል። የቤተ መንግሥቱን ዜና ሌሎችም ያነቡታል። እናንተ ወደ ኋላ ገጽ ዝለቁ። ማስታወቂያውን፣ የዕቃ ዋጋውን አንብቡ። ተራ ሰው የሚገኘው እዚያ ነው።

ከዚያ ወደ ድሬ ውረዱ። አሮጌው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መመላለሱን አቁሟል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር የሚቆመው ሌላ ጣቢያ ነው፤ ከዚራ ያለው አሮጌው ጣቢያ ለገሃር የድሮው ግርግር የለውም። የሽመንደፈር ጡረተኞች ግን አሁንም አሉ። ስልካችሁን ለመቅጃ አዘጋጁና ሄዳችሁ አብራችኋቸው ተቀመጡ። ቸኩላችሁ አትነሱ።

እኔ ያን ቀን ዓመቷን አርሜ አዛውንቱን ሸኘኋቸው። አባታቸው ከየት አገር እንደመጡ፣ ስንት እንደሚከፈላቸው፣ በዚያ ሐሩር ውሃ ከየት ይጠጡ እንደነበር አልጠየቅኳቸውም። ሻይ እንኳ አላዘዝኩላቸውም። በዓመቱ ሠፈራቸውን አጠያይቄ ስሄድ አርባቸው ወጥቶ ነበር።