ኩላሊት ተተክሎልሽ የእንስሳት ሕክምና መማር

ከቡሬ የጻፍሽልን የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ኩላሊት ከተተከለልሽ ሁለት ዓመት እንደሆነሽ፣ የለገሱሽ አባትሽ እንደሆኑ፣ የእንስሳት ሕክምና መማር እንደምትፈልጊ፣ ቤተሰቡ ግን «ትምህርቱ ይቅርብሽ» እንደሚልሽ ነግረሽናል።

ትምህርቱስ አይቅርብሽ። ኩላሊቱ በደንብ እየሠራ እስከሆነ ድረስ ዩኒቨርሲቲ ከመግባት አያግድሽም። የእንስሳት ሕክምናው ላይ ግን ከቤተሰብሽ ጋር እንስማማለን። የምትውጫቸው ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት የሚባሉት መድኃኒቶች የሰውነትሽን በሽታ የመከላከል አቅም ያዳክማሉ፤ የሚሰጡሽም ለዚሁ ነው፣ ሰውነትሽ የተተከለውን ኩላሊት እንዳያጠቃ። የጨነገፈባትን ላም መንካት ብሩሴሎሲስ የሚባለውን ከእንስሳት የሚተላለፍ በሽታ፣ የሻገተ ድርቆሽ አቧራ ደግሞ የሳንባ ፈንገስ ሊያመጣብሽ ይችላል። ትምህርቱ ያለ በረት ስለማይሆን ጓንትና ጭምብል ብቻውን አይበቃም። ልብሽ ከብቱ ላይ ከሆነ የግብርና ኢኮኖሚክስ አለልሽ። ሁሉም «አካውንቲንግ ያዢ» ይልሻል፤ ካልወደድሽው ተዪው።

ከትምህርት ክፍሉ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ዶርሙ ነው። የተተከለ ኩላሊት በብዛት የሚከሽፈው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ ነው፤ አንዱ ትልቅ ምክንያት መድኃኒት መዝለል ነው። «ዋጥሽ ወይ?» የሚል ወላጅ አጠገብ የለም፤ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ሌላው የንቅለ ተከላ መድኃኒት ፊት ሲያሳብጥ ደግሞ ብዙ ልጃገረድ በድብቅ ታቆመዋለች። ካስጠላሽ ለሐኪምሽ ንገሪ እንጂ ራስሽ አትቀንሺ።

ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ የሚዋጥ ከሆነ ጠዋትና ማታ 1 ሰዓት ይመቻል፤ ከክፍል አይጋጭም። የታክሮሊመሱን መጠን ለመለካት ደም የምትሰጪ ቀን ግን ሳትውጪ ሂጂ፣ ከተቀዳሽ በኋላ ዋጪ። ቀድመሽ ከዋጥሽ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታይና መጠኑ ያለአግባብ ሊቀነስብሽ ይችላል። ካምፓስ ክሊኒክ ለራስ ምታት ብለሽ ስትሄጂ ንቅለ ተከላሽን አስቀድመሽ ተናገሪ፦ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉት ማስታገሻዎች ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ የታክሮሊመሱን መጠን በደም ውስጥ ያንረዋል፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ያወርደዋል። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅርብሽ፤ በሰርግም ቢሆን።

ክትትልሽ አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከሆነ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከባሕር ዳር ይቀርብሻል። የአባይ በረሃ መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል የሁለት ሳምንት ትርፍ መድኃኒት በእጅ ቦርሳሽ ያዢ፤ መኪና አናት ላይ የተጫነ ሻንጣ ውስጥ አይሁን። የሐኪም ማስረጃሽንም አሁኑኑ አስጽፈሽ፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሳይወጣ በትምህርት ቤትሽ በኩል አቅርቢ። ከወጣ በኋላ ማስቀየር ብዙ ያንገላታል።